ስብሰባ ላይ ናቸው

ባለፈው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት እኛ ሦስት የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ከደሴ ወደ ሐይቅ የወረድነው ስለ መንግሥት አስተዳደር ለመመራመር አልነበረም። ከሦስታችን አንዱ የዚያው አገር ልጅ ነውና እናቱ ዘንድ ጥቂት ቀን እንድንሰነብት ጋበዘን፤ ደግሞም በታሪክ ትምህርት ስሙን ስንሰማ የኖርነውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም በዐይናችን ለማየት ጓጉተን ነበር። መንገዱ ሰላም በዋለበት ሳምንት ሄደን ሰላም በዋለበት ሳምንት ተመለስን። በዚህ ዘመን ይህ ብቻውን ተመስገን የሚያሰኝ ነው።

ዳሩ ግን ከተመለስን ወዲህ ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን የምናወራው ስለ ሐይቁ ውበትም ሆነ ስለ ዓሣው ጥብስ አይደለም። የምናወራው ስለ አንድ የተዘጋ በር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጓደኛችን አጎት ከሐይቅ ብዙም በማይርቅ ወረዳ የመሬት ይዞታ መዝገብ የሚይዙ ባለሙያ ናቸው። የወረዳውን ስም አንጠራም፤ ሰውየው የልጆች አባት ናቸው። በደረስን ማግስት የጓደኛችን እናት «ይህን ለወንድሜ አድርሱልኝ» ብለው አንድ ፌስታል ሙሉ ዳቦ አሸክመውን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። በረንዳው ላይ ስምንት በሮች አሉ፤ ስምንቱም ተዘግተዋል። በአግዳሚው ወንበር ላይ አንድ አዛውንት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የመሬት ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በላስቲኩም ላይ ፎጣ ደርበው እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ሚስታቸው ሞተውባቸው ይዞታውን ከልጃቸው ጋር ለማስተካከል ከአምባሰል ደጋ በእግራቸው ወርደው ዘመድ ቤት ያድራሉ። ያ ቀን ሦስተኛቸው ነበር።

«ልጆቼ፤ እናንተ የዚህ ቤት ሰዎች ናችሁ?» አሉን።

«አይደለንም አባቴ።»

«አብሽሩ፤ ይመጣሉ» አሉን። የቸኮልን መስሏቸው እሳቸው እኛን ማጽናናታቸው ነው።

ዘበኛውን ጠየቅነው። «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለ። የምን ስብሰባ እንደሆነ ብንጠይቀው ከሰማይ የወረድን ይመስል ትክ ብሎ አየንና «ስብሰባ ነዋ!» አለን።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህን ቃል ያልሰማ ከመካከላችን ማን አለ? ለመታወቂያ ቀበሌ የሄደ፣ ለታመመች እናቱ ወረቀት ለማጻፍ የተንከራተተ፣ የንግድ ፈቃድ ለማደስ የተሰለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ጉዳዩ አልተከለከለም፤ ገንዘብም የጠየቀው የለም፤ ሰዎቹ ብቻ ስብሰባ ላይ ናቸው። በጉቦኛ ላይ ክስ ይቀርባል። በስብሰባ ላይ ግን ምን ተብሎ ይከሰሳል?

ማታ አጎትየው እኅታቸው ቤት መጡ። ቡናው እየተፈላ ሳለ፥ «ጋሼ፤ የዛሬው ስብሰባ የመሥሪያ ቤቱ ነበር ወይስ የፓርቲው?» ብለን ጠየቅናቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

«ትናንትና ከትናንት ወዲያ የፓርቲው ነበር፤ ዛሬ የመሥሪያ ቤቱ ነው። አዳራሹ ያው ነው፤ ወንበሩ ያው ነው፤ ሰብሳቢውም ያው ነው። እኔም ማስታወሻ የምይዝበት ደብተር ያው አንዱ ነው። እንግዲህ በምን ልለየው?»

እሳቸውም አባል መሆናቸውን ለመጠየቅ አፈርን፤ የእኅታቸው ልጅ ግን አላፈረም። «ፈረምሁ እንጂ!» አሉት። «ለቡድን መሪነት ሁለት ጊዜ ተወዳድሬ ሁለት ጊዜ አለፉኝ። በሦስተኛው ፈረምሁ። ፈርሜስ ምን ሆንሁ? የቡድን መሪ አልሆንሁም፤ ስብሰባ ብቻ በዛብኝ።»

ሌላውን የነገሩን እኅታቸው ናቸው፤ እሳቸው ውጭ ከወጡ በኋላ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በደቡብ ወሎ ባለፈ ጊዜ በየወረዳው መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈው ወረቀቱ በየመንገዱ ተበትኖ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። አጎትየው ሰው ሁሉ ነፍሱን ለማዳን በሚሯሯጥበት ሌሊት የይዞታ መዝገቦቹን በሁለት ጆንያ ከትተው በአህያ ጭነው አንድ ገበሬ ዘመዳቸው ጎተራ ሥር ቀበሩት። ነገር ሲበርድ አውጥተው መለሱት። በዚያው ዓመት የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ሲደረግ ስለ ጆንያው ያነሣ አልነበረም። ቅጹ ላይ እንደዚያ ያለ ረድፍ የለማ! «የስብሰባ ተሳትፎ» የሚል ረድፍ ግን ነበረ፤ እሳቸውም በእርሱ ዝቅተኛ ነጥብ አገኙ። መዝገቡን ሲደብቁ ሰንብተው ከመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ቀርተው ነበርና።

በማግስቱ ወደ ገዳሙ ሄድን። ጥንት ደሴት የነበረው ዛሬ በእግር ይገባበታል፤ ሴት ግን አይገባበትም። አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ13ኛው መቶ ዓመት ታላቅ የትምህርት ቦታ ያደረጉት፣ አባ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ይህ ነው። እንደ ትውፊቱ ይኩኖ አምላክም እዚህ ተምሯል፤ በ1262 ዓ.ም. ዘውዱን በያዘ ጊዜ ውለታውን አልረሳምና የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ሹማምንት አንዱ እንዲሆን አደረገ ይባላል። የታሪክ ሊቃውንት ይህ ትውፊት ከረጅም ዘመን በኋላ የተጻፈ መሆኑን እያነሡ ይጠራጠሩታል፤ ማዕረጉ የሐይቅ እንደነበረና ኃይሉም እጅግ የበረታ እንደነበረ ግን አያከራክርም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ንጉሡ ወዳለበት ከሚገቡት እጅግ ጥቂት ሰዎች አንዱ ዐቃቤ ሰዓቱ ዐምኃ ጽዮን ነበር። የመነኮሳት አለቃ የንጉሥን ሰዓት ሲጠብቅ ማን የማንን ሰዓት እንደሚጠብቅ ኋላ ላይ መለየት ያስቸግራል። የአጎትየውን ደብተር ማስታወሳችን አልቀረም።

ነገር ግን በዚያው ገዳም ሌላም ነገር አለ፤ እሱም በኢየሱስ ሞዐ ስም የሚጠራው የብራና ወንጌል ነው። ከቅዱስ ቃሉ ሌላ የገዳሙ መጻሕፍትና ንብረት ዝርዝር ሰፍሮበታል። በአገራችን የመሬት ስጦታና የገዳም ንብረት በወንጌል ገጾች ላይ መጻፉ፣ የሚፍቀውም ውግዘት እንዲያገኘው መደረጉ የታወቀ ልማድ ነበር። ለምን በወንጌል ላይ? አበምኔቱ ይሞታል፣ ንጉሡ ይለወጣል፣ ባላባቱ ይሸፍታል፤ የመጣው ሁሉ ግን ያን መጽሐፍ ከመንካት ይፈራል። እኛ እንደምናስበው አባቶቻችን የመዝገብ ቤትን ነገር በሚገባ ያውቁት ነበር። በአንድ ገዳም ውስጥ ለውለታ የተሰጠ ሹመትና የማንንም ውለታ የማያውቅ መዝገብ ጎን ለጎን ኖረዋል። እኛ የወረስነው የትኛውን ነው? አጎትየው በጆንያ የተሸከሙት ሁለተኛውን ነበር፤ የተገመገሙት ግን በፊተኛው ነው።

ስለ ቦሩ ሜዳም ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም፤ ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ያልፍበታልና። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ጉባኤ አደረጉ። በጉባኤው የካህናቱ የትምህርተ ሃይማኖት ክርክር ተቆረጠ፤ ተከትሎም ሹመት ያለው እስላም ክርስትና ይነሣ፣ አለዚያ ሹመቱን ይልቀቅ ተባለ። የወሎው መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ራስ፣ ንጉሥም ሆኑ። እንደ ሼኽ ጦልሃ ያሉት ደግሞ እንቢ ብለው ተነሡ። በመካከል ያለው ሕዝብ ግን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ ይኖር እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል። ሃይማኖትንና የፓርቲ አባልነትን አንድ ለማድረግ አይደለም ይህን ያነሣነው፤ አንዱ የነፍስ ጉዳይ ነው፣ ሌላው የቅጽ። ነገር ግን ወሎ ሹመትን ከእምነት ጋር ያሰረ ዐዋጅ ምን ዓይነት ሰው እንደሚያፈራ ቀድማ ያየች አገር ናት። የሚያፈራው አማኝ አይደለም፤ ሁለት ስም ያለው ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ ከእኛ ይልቅ አባቶቻችን ያውቁታል። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥርና ዕድገት በችሎታ እንዲመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ፓርቲ የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረም፤ ዘመድና ደጅ ጥናት ግን ነበሩ። ደርግ በ1977 ዓ.ም. ኢሠፓን ሲያቋቁም የፓርቲው አንደኛ ጸሐፊ በየክፍለ ሀገሩ የበላይ ሰው ሆነ። ደብተር የያዘ ሁሉ እድገት ፈላጊ እንዳልነበረ፣ በፍርሃት የገባም እንደነበረ ይነገራል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ያ የአባልነት ደብተር ለብዙዎች የመባረሪያ ማስረጃ ሆነ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 የሚበልጡ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ፤ ከእነርሱም አንዱ ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ነበሩ። ይህ የሆነው በዩኒቨርሲቲ ነውና እኛን ይበልጥ ይነካናል።

ከሁሉ የሚያስገርመን ግን ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የሆነው ነው። ያ ምርጫ ኢሕአዴግን አስደነገጠው። ከምርጫው በፊት ከ1 ሚሊዮን በታች የነበረው የአባላቱ ቁጥር በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ጊዜ ከ4 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሕዝብ በፕሮግራም ተማርኮ ገባ ብሎ የሚያምን ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን አናምንም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ዘገባ ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩ፣ ብድሩ፣ ሥራውና ሥልጠናው ከአባልነት ጋር እየተያያዘ ይታደል እንደነበር ከገበሬዎች፣ ከመምህራንና ከመንግሥት ሠራተኞች አንደበት ዘርዝሯል። መንግሥት ዘገባውን አስተባብሏል። «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀትም የመጣው በእነዚያ ዓመታት ነው። በ2012 ዓ.ም. ግንባሩ ፈርሶ ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት ስሙ ተለወጠ፤ የወረዳው አዳራሽና ወንበሩ ግን በቦታቸው ቀሩ።

እዚህ ላይ የቋንቋ ተማሪዎች ነንና አንድ ነገር ጣል እናድርግ። «አመራር» የሚለው ቃል የመምራት ሁኔታ ስም ነበር፤ «አመራሩ ጥሩ ነው» ይባል ነበር። ዛሬ ግን ሰው ሆኗል። «አመራሩ መጣ፤ አመራሩ ወጣ» ይባላል። በወረዳ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ባለሙያ» እና «አመራር» ሁለት ዘር ሆነዋል፤ ባለሙያው ያውቃል፣ አመራሩ ይሰበስባል። ስድብ አይደለም፤ አጎትየው ራሳቸው እንዲህ ነው የሚናገሩት።

በሕግ በኩል የጎደለ ነገር የለም። በ1994፣ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. የወጡት የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች ዐዋጆች ክፍት የሥራ ቦታ መመዘኛውን በሚያሟላና ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ባገኘ ሰው ብቻ እንዲሞላ፣ በፖለቲካ አመለካከትም አድልዎ እንዳይደረግ ደንግገዋል። ስለዚህ አድልዎው የሚመጣው በዐዋጅ አይደለም፤ «የድጋፍ ደብዳቤ»፣ «አመለካከት»፣ «ተነሣሽነት» በሚሉ ቃላት ተሸፋፍኖ ነው። አመለካከት በስንት ነጥብ ይለካል?

ጉዳዩ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ውጭም እንመልከት። አሜሪካኖች ለረጅም ዘመን ምርጫ ያሸነፈ ፓርቲ ከፖስታ ቤት ጸሐፊ ጀምሮ ሥራውን ለደጋፊዎቹ ያከፋፍል ነበር፤ ሠራተኛውም ከደመወዙ ለፓርቲው መዋጮ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1881 ሹመት ሲጠይቅ ከርሞ ያላገኘ አንድ ሰው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ተኩሶ መታቸው፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ሞቱ። በ1883 የፔንድልተን ሕግ ወጣ፤ ቅጥር በፈተና እንዲሆን፣ ሠራተኛውም ለፓርቲ መዋጮ እንዳይገደድ አደረገ። ሲጀመር ሕጉ የሸፈነው ከፌዴራሉ ሥራ 10 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ሰፋ። ዛሬም ይከራከሩበታል። ነገሩ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሆኖ አይደለም፤ ግን ከአንድ ቦታ ጀምረዋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፥ «የተመረጠ ፓርቲ ፖሊሲውን የሚፈጽምለት ሰው ያስፈልገዋል» ብለው ይሞግቱናል። ልክ ነው። ሚኒስትሩም፣ ምክር ቤቱ የመረጠው የወረዳው አስተዳዳሪም የፓርቲ ሰው ቢሆን አይከፋንም፤ ሕዝብ የመረጠው ለዚያ ነውና። ነገር ግን የመሬት መዝገብ የሚይዘው፣ ክትባት የሚሰጠው፣ ፈተና የሚያርመው ሰው የየትኛው ፓርቲ ፖሊሲ ነው የሚፈጽመው? የአንድ ማሳ ወሰን ፓርቲ የለውም። መሥመሩ የት ላይ ይሰመር ቢባል ከአስተዳዳሪው በታች ያለው በር ላይ እንላለን። በዚህ የሚከራከረን ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ።

እስከዚህ ድረስ የሌላውን ሰው ኀጢአት ስንዘረዝር ቆይተናል። አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ።

ሁለተኛ ዓመት ሳለን አንድ ምሽት ወደ መኝታ ክፍላችን አንድ ቅጽ መጣ። ያመጣው ከእኛ በላይ ያለ፣ በጣም ትሑት የሆነ ተማሪ ነበር። ማንንም አላስፈራራም። «ግድ አይደለም፤ ስትመረቁና ሥራ ስትፈልጉ ጥቅሙን ታዩታላችሁ» አለ፤ ብዕርም አቀበለን። ከሦስታችን ሁለታችን ፈረምን። ማንና ማን እንደሆንን አንናገርም። ሦስተኛው ያልፈረመው ጀግና ስለሆነ አይደለም፤ ያን ሰዓት ልብሱን ሊያጥብ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ቅጹ ሄዷል። እስከ ዛሬ ስለዚያ ነገር ስናነሣ እየሳቅን ነበር፤ ከሐይቅ ከተመለስን ወዲህ ግን መሳቁ አልሆነልንም።

የፈረምነው የፓርቲውን ፕሮግራም አንብበን አይደለም፤ ዛሬ ጠይቁን ብትሉ ሁለት አንቀጽ አንነግራችሁም። የፈረምነው የወላጆቻችንን ፊት እያሰብን ነው። የአንዳችን አባት ለዚህ ትምህርት በሬ ሸጠዋል። ተመርቆ ሦስት ዓመት ቤት የተቀመጠ ወንድም ያለውም በመካከላችን አለ። እንዲህ ያለውን ሰው «ለምን ፈረምህ?» ብሎ የሚወቅስ ቢመጣ በበኩላችን አንተባበረውም። ዳሩ ግን ይህንንም እናውቃለን፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከእኛ አንዱ ከዚያ በረንዳ በር ከአንዱ ኋላ ይቀመጥ ይሆናል። ቦታውን ያገኘው በዚያ ፊርማ ከሆነ፣ «ለስብሰባ ና» ሲባል «ባለጉዳይ ይዣለሁ» ለማለት ምን አፍ ይኖረዋል? አጎትየው 18 ዓመት ሠርተው ይህን ማለት አልቻሉም። እኛ ገና ሳንቀጠር ነው የፈረምነው።

ይህን ስንነጋገር ያልፈረመው ጓደኛችን፥ «ስማችሁን ሰርዙልን ብላችሁ ብትጽፉስ?» አለ። የሚጻፍለት ማን እንደሆነ አናውቅም። ቅጹን ያመጣው ልጅ ተመርቆ ሄዷል፤ ሥራ አግኝቷል ይባላል። ደብዳቤው ግን ተረቅቋል። ይህ እትም እጃችሁ ሲገባ ልከነው ይሁን አልላክነው እኛም እርግጠኛ አይደለንም።

ከሐይቅ በተመለስንበት ጠዋት አጎትየውን ለመሰናበት ዳግመኛ ወደዚያ መሥሪያ ቤት ጎራ ብለን ነበር። ስምንቱም በሮች ተከፍተዋል። አዛውንቱ ከአጎትየው ጠረጴዛ ፊት ቆመው ነበር፤ አጎትየው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ደብተሩን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ። ያ መዝገብ ጠርዙ ተበልቷል፤ የጎተራ ሥር እርጥበት የነካው ይመስላል። ስም ተጻፈ፣ ጣት ተነከረ፣ ማኅተም ተመታ። ሰዓታችንን አየን፤ ሁሉም ነገር ዐሥር ደቂቃ ያህል ፈጀ።

አዛውንቱ ደብተሩን እንደ ቀድሞው በላስቲክና በፎጣ ጠቅልለው ሲወጡ በበሩ ላይ አገኙን። ከአጎትየው ጋር ስንሰነባበት አይተዋልና፥ «እናንተም የዚህ ቤት ልጆች ኖራችኋል እኮ! አላህ ዕድሜ ይስጣችሁ፤ አላህ ይጨምርላችሁ» ብለው ሦስታችንንም አንድ በአንድ መረቁን። እኛም አሜን አልናቸው። የዚያ ቤት ሰዎች አለመሆናችንን አልነገርናቸውም።